ስድስት የብልቃጥ ክዳኖች

ሐሙስ ረፋድ ላይ መቅደላዊት ለምትሠራበት ፋርማሲ ባለቤት «ዳቦ ገዝቼ ልምጣ» ብላ ወጣች። ዳቦ ቤቱ ቁልቁል ነው፤ እሷ ግን ሽቅብ ወደ መናኸሪያው ታጠፈች። ደብረ ማርቆስ ሁሉም ሁሉን የሚያይባት ከተማ ናትና፣ አካሄዷ የዳቦ አለመሆኑን ቢያንስ አራት ሰው ሳይገምት አልቀረም። ይገምቱ። ልቡ የነደደ ሰው ማን አየኝ አይልም።

ታሪኩን ከመሃል ለጀመረ አንባቢ አንድ ሁለት ነገር ሹክ ልበል። መቅደላዊት የአቶ ኃይለ ሚካኤል ልጅ ናት። አቶ ኃይለ ሚካኤል ደጀን ላይ ሆቴል፣ ማርቆስ ላይ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ያላቸው፣ ስማቸው ከፊታቸው የሚሄድ ሰው ናቸው። ልቧን የሰጠችው ድረስ ደግሞ የሉማሜው የቄስ ወልደ ገብርኤል ልጅ ነው። አባቱ ለክህነት አስበውት ቅኔ ቤት አስገብተውት ነበር። ስድስት ዓመት ተቀምጦ፣ አንድ ቀን የመምህሩን የተበላሸ ራዲዮ ፈትቶ ሲያናግረው፣ መንገዱ ወደ ሌላ መሆኑን መምህሩም እሱም ተረዱት። አሁን ከመናኸሪያው ጀርባ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ቴፕና ቴሌቪዥን ይጠግናል። ከእሷ ቤት እሱ ክፍል ድረስ በእግር አሥር ደቂቃ ነው፤ በዘመድ አዝማድ ሚዛን ግን ዓባይን ሁለት ጊዜ ወርዶ መውጣት ነበር።

ያገናኛቸው የፋርማሲው ራዲዮ ነው፤ ያጣላቸው ደግሞ የጌም ማሽኑ።

ማሽኑ ቁም ሣጥን ያክላል። አቶ ኃይለ ሚካኤል በ1985 ዓ.ም. ለደጀኑ ሆቴል ያስመጡት፣ ሳንቲም ሲጎርስ በመስኮቱ አውሮፕላን የሚያበር ነገር ነው። ወደ ዓባይ በረሃ ከመውረዳቸው በፊት እዚያ የሚያርፉ ሾፌሮች ይሻሙበት ነበር። የሚነዳበትን ዱላ «ማርሽ» ይሉታል። ኋላ ቁልፎቹ ተሰባበሩ፣ ማርሹም ተነቀለና ከእህል ከረጢት ሥር ገባ። ዘንድሮ አቶ ኃይለ ሚካኤል ያወጡት ለአንድ ሰው ብለው ነው። የአዲስ አበባው ወዳጃቸው ልጅ፣ ኢንጂነር ዘመንፈስቅዱስ፣ ለጥየቃ መጥቶ «በልጅነቴ እንዲህ ያለ ጨዋታ ነፍሴ ነበር» ብሎ አንዲት የትሕትና ቃል ወረወረ። አቶ ኃይለ ሚካኤል ቃሏን ቀለቧት። ማሽኑ ይታደስና ለሙሽራው ስጦታ ይሁን! ሙሽሪትን ማንም አልጠየቃትም።

መስኮቱና የውስጥ ዕቃው ደህና ነበር፤ የሞተው እጅ የሚያርፍበት ሰሌዳው ነው። አቶ ኃይለ ሚካኤል የልጃቸውን ልብ ሳያውቁ ሥራውን ለድረስ ሰጡት። ቁልፍ ገበያ ላይ ስለሌለ ድረስ ከመድኃኒት ብልቃጥ ክዳን ሊሠራው አሰበ። መቅደላዊት ሁለት ወር ሙሉ ብልቃጥ ባለቀ ቁጥር ክዳኑን አጥባ በመሀረብ እየቋጠረች አመጣችለት፤ አራት ነጭ፣ ሁለት ቀይ። ለማን እንደሚሠራ ያኔ አታውቅም ነበር።

ያን ሐሙስ ግን አውቃለች። ገና ከመግባቷ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ቀረ። በወረቀት ላይ ዙሪያው በእስክሪብቶ የተሰመረ ትልቅ የወንድ መዳፍ በአራት ሚስማር ተመትቷል። ከሥሩ «ዘመንፈስቅዱስ፣ ቀኝ እጅ» ይላል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ልኬት ነው» አለ ድረስ ብድግ ብሎ። «አባትሽ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስመጥተው ሰጡኝ። ሰሌዳው በእጁ ልክ ይሁን ብለዋል።»

«በእኔ ክዳኖች፣ በእሱ እጅ ልክ!»

«መቅዲ…»

«እሁድ ሽማግሌ እንደሚልክ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰምተህስ?»

ድረስ አንድ ክፉ አመል አለው። ነገር ሲከብደው ዓይኑ ከሰው ላይ ይሸሽና ሥራው ላይ ይሸጎጣል። አሁንም ጠረጴዛው ላይ ወደ ተጋደመው ሰሌዳ አየ። የውስጥ ፊቱን ነቀዝ እንዳይደፍረው ነጭ ቀለም ቀብቶት ነበር። «ቀለሙ ገና አልደረቀም፣ እጅጌሽን ተጠንቀቂ» አላት።

የሰው ልጅ ዕድሜ ልኩን ስለሚኖርበት ነገር ተጠይቆ ስለ ቀለም ይመልሳል? መቅደላዊት መዳፏን አንሥታ በሰሌዳው ላይ ጷ አደረገችው።

ድረስ ጨርቅ ላምባ ነክሮ እጇን ተቀበላትና ጣት በጣት ይጠርግላት ጀመር። ቀስ ብሎ ነው የሚጠርገው፣ የሚያማት ይመስል። እሷ ፊቱን ትጠብቃለች፤ እሱ የሚያየው ሰሌዳው ላይ የቀረውን የእጇን ምልክት ነው።

«ሥራህን አበላሸሁብህ፣ አይደል?»

«አላበላሸሽም» አለ፣ አሁንም ዓይኑን ሳያነሣ።

እጇን መንጭቃ ወጣች። ዳቦም አልገዛችም። ያን ቀን መዳፏ ላምባ ላምባ እየሸተተ ዋለ፤ ሦስት ጊዜ ለመታጠብ ተነሥታ ሦስቴም ተመልሳ ተቀመጠች።

የዚያኑ ቀን ማታ ደብዳቤ ጻፈችለት። በቀኝ እጇ ብትጀምረው የትምህርት ቤት ድርሰት መሰለባት፣ ቀደደችው። በሩን ዘግታ በግራዋ ጻፈችው።

መቅደላዊት ግራኝ ናት። ይህን ቤተሰቡ ያውቃል፣ ግን አይወራም። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ደጀን ላይ ለአንድ እንግዳ ቄስ ውኃ በግራ እጇ አቀረበች። ቄሱ ፈገግ ብለው ተቀበሏት፤ አባቷ ግን በኀፍረት ምድር ትዋጠኝ አሉ። ለሰው ነገር በግራ አይሰጥም። በማግስቱ ከአሮጌ ነጠላ ላይ ጥለት ቀደው ግራ እጇን ከወገቧ ጋር አሰሩት፤ ጾመ ፍልሰታ እስኪፈታ ድረስም እንደ ታሰረ ቆየ። ከዚያ ወዲህ በቀኝ ትበላለች፣ በቀኝ ትጽፋለች፣ በቀኝ ትጨብጣለች። ፋርማሲ ውስጥ ብቻዋን ስትሆን ግን ክኒኑን በግራዋ ትቆጥራለች፤ በሩ ሲንቋቋ መቁጠሪያ ማንኪያዋን ቶሎ ወደ ቀኝ ታዛውራለች።

ደብዳቤው አጭር ነበር። «ድረስ፣ እሁድ ሽማግሌ ይመጣል። ያንን የወረቀት እጅ ከግድግዳህ አውርደህ አንድ ቃል ተናገር። ካልተናገርህ ዝምታህን መልስህ ነው ብዬ እቀበላለሁ። ከዚያ በኋላ አልጠይቅህም።» ለሰው ብትሰጠው ወሬ ይሆናል ብላ ዓርብ ማለዳ ራሷ በበሩ ሥር ሰደደችው።

ዓርብ መልስ የለም። ቅዳሜ ከሥራ ስትመለስ ማሽኑ ሳሎን ውስጥ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ቆሟል።

«ያ ልጅ መጥቶ ገጥሞት ሄደ» አሏት እናቷ ወይዘሮ ጥሩነሽ። «አባትሽ እንግዶቹ ሳይመጡ ማንም እንዳይገልጠው ብሏል።»

«ምን አለ ልጁ?»

«ምን ይላል? ውኃ እንኳ አልጠጣም። ቀና ብሎም አላየኝ።»

እንግዲህ ዝምታው መልስ ነው። መቅደላዊት ክፍሏ ገብታ ጣቶቿን አየች። በግራ እጇ የቀለበት ጣት ጥፍር ሥር ትንሽ ነጭ ቀለም ቀርቷል። ልትፍቀው ጀመረችና ተወችው፤ ከድረስ የቀራት ያ ብቻ መሰላት።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ከነከዘራቸው መጡ። እንደ ደንቡ ሙሽራው አልመጣም፤ እንደ ደንቡም ልጅቱ ሳሎን አትታይም። መቅደላዊትና እናቷ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመዋል።

«ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል፤ ቆመን እንናገር» አሉ ዋናው ሽማግሌ አቶ ይታያል። ዛሬ ጋቢያቸውን አጣፍተው ይከበራሉ እንጂ ዱሮ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ።

«ኧረ ተቀመጡ፣ ቆማችሁ የምትቀሩበት ነገር የለም!» አሉ አቶ ኃይለ ሚካኤል።

ወይዘሮ ጥሩነሽ ከንፈራቸውን ነከሱ። የሴት ልጅ አባት በመጀመሪያው ቀን «ዘመድ ላማክር» ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል እንጂ እንዲህ ፊቱ አይፈታም። «ዛሬውኑ ሊሰጥሽ ነው» አሉ በሹክሹክታ። መቅደላዊት ወደ መጋረጃው ቀዳዳ ተጠጋች። ከውስጧ የሆነ ነገር እየተዘጋ ነበር።

አቶ ኃይለ ሚካኤል ግን ደስታቸው አላስችል ብሏቸው፣ ጉዳዩ ሳይቋጭ ጨርቁን ገፈፉት። «ይኼውላችሁ፣ ለልጃችሁ ያሰናዳሁት!»

ያምር ነበር። ሰሌዳው ከዋንዛ እንጨት ነው፣ ፊት እስኪያሳይ ተወልውሏል። የማርሹ ራስ ከወይራ የተቀረጸ ነው። ከጎኑ ስድስቱ ክዳኖች ተደርድረዋል፤ አራት ነጭ፣ ሁለት ቀይ። መቅደላዊት በመጋረጃው ቀዳዳ ስታያቸው አንድ በአንድ አወቀቻቸው፤ ዓይኗም እንባ ሞላ።

«ይህ የደጀኑ አይደለም እንዴ!» አቶ ይታያል ከዘራቸውን ለጎረቤታቸው ሰጥተው ተነሡ። «ወይ አንተ ጉደኛ፣ ስንቱን ሳንቲሜን በልተሃል!» እጃቸውን እንደ ዱሯቸው ሰደዱ፤ ግራው ወደ ማርሹ፣ ቀኙ ወደ ቁልፎቹ። በግራ በኩል ያገኙት ግን ቁልፎችን ነው። አውሮፕላኑ ተነሥቶ ወዲያው ወደቀ። ደገሙት፤ ደግሞ ወደቀ።

«ኃይለ ሚካኤል፣ ማርሹ በቀኝ ሆኗል እኮ! ሰሌዳህ ተገልብጧል።»

የአቶ ኃይለ ሚካኤል ፊት ቀላ። «ግራና ቀኙን ለማይለይ ሰው ነው እንዴ የሰጠሁት! የሙሽራውን እጅ በወረቀት አስነሥቼ አስይዤው!»

መቅደላዊት ግን ድረስን ታውቃለች። ድረስ በሥራው አይሳሳትም። በሌላ ሊሳሳት ይችላል፤ በዚህ ግን አይሳሳትም።

አቶ ይታያል ግን ጨዋታው ገብቷቸዋል። «ቆይ፣ አጣምሬ ልሞክር፣ እንደዚያች እንደ ሕፃኗ።» እጃቸውን መስቀለኛ አድርገው ሳቁ። «ታስታውሳታለህ? የቢራ ሣጥን ላይ ቆማ፣ እጇን እንዲህ አጣምራ፣ እኛን ጢማሞቹን ሁሉ የምታሸንፈን? ቁልፉን በግራዋ ካልሆነ አልነካም ትል ነበር። የማን ልጅ ነበረች እሷ?»

ከመጋረጃው ጀርባ የወይዘሮ ጥሩነሽ እጅ ልጃቸው ትከሻ ላይ ከበደ።

አቶ ኃይለ ሚካኤል ኀፍረታቸውን ለመሸፈን ይመስላል፣ «ሽቦው ይቀያየር እንደሆነ ልየው» ብለው የሰሌዳውን ሁለት መቀርቀሪያ ከፈቱና ወደ ላይ ገለበጡት። እንደ ገለበጡትም ቀሩ።

ሽቦዎቹ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር በክር ታስረው በሥርዓት ተዘርግተዋል። መሃል ላይ፣ በነጩ ቀለም ውስጥ፣ የአንዲት ሴት መዳፍ ታትሟል። የግራ መዳፍ ነው። ሽቦው ሁሉ ዞሮት አልፏል፤ አንዱም በላዩ አልተሻገረም። ከጎኑ የታጠፈ ወረቀት ተለጥፏል።

አቶ ኃይለ ሚካኤል መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡ። ረጅም ጊዜ አነበቡ።

«መቅደላዊት» አሉ በመጨረሻ። «ነይ እስቲ።»

ደንቡ ፈረሰና ልጅቱ ሳሎን ወጣች።

«እጅሽን አምጪ።»

ቀኟን ዘረጋች፤ ያስለመዷትን።

«እሱን አይደለም፣ ልጄ። ሌላውን።»

ግራ እጇን አወጣች። አባቷ አንጓዋን ይዘው በምልክቱ ላይ አሳረፉት። ጣት በጣት ገጠመ፤ በጥፍሯ ሥር የቀረችው ነጭ ቀለም ሳትቀር ታየች። አቶ ኃይለ ሚካኤል እጇን አልለቀቁም። ደጀን ላይ ጥለት ያሰሩበት ቦታ ላይ አውራ ጣታቸውን አሻሹ፣ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ።

«ይህን እጅ አስሬው ነበር» አሉ ለማንም ሳይሆን። ቀጥለውም ወረቀቱን ሰጧት። «ያንቺ ነው። አነበብኩት፣ ይቅር በይኝ።»

የቅኔ ቤት ሰው የጻፈው ስለሆነ ፊደሉ እንደ ብራና መጽሐፍ ቀጥ ቀጥ ያለ ነው።

«መቅደላዊት፣ ዝም ያልኩት ቃል አጥቼ አይደለም፤ ስድስት ዓመት ቅኔ ቤት የተቀመጠ ሰው ቃል አያጣም። ባዶ እጄን፣ ቃል ብቻ ይዤ መምጣት ስላፈርኩ ነው። በወረቀቱ እጅ ልክ ልብሳ ብዬ ሦስት ጊዜ መሰርሰሪያ አነሣሁ፣ ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩ። ከዚያ የአንቺ እጅ ሰሌዳው ላይ አረፈ። መለኪያዬ እሱ ነው፤ አልቀባሁትም፣ አልቀባውምም።

ክኒን ስትቆጥሪ ሰው ከገባ መቁጠሪያውን ወደ ቀኝ ታዛውሪያለሽ። እኔ ስገባ ግን ማዛወር ትተሻል። ከመቼ ወዲህ እንደሆነ አንቺ ላታውቂው ትችያለሽ፤ እኔ አውቃለሁ፤ ከኅዳር ሚካኤል ማግስት ጀምሮ ነው። ያን ቀን ደስ ብሎኝ እስከ መናኸሪያው ብቻዬን እየሳቅሁ ነበር የሄድኩት።

አባትሽ ሥራው ተበላሸ ካሉ ለኢንጂነሩ ሌላ ሰሌዳ እሠራለሁ። ይኼኛው ግን የአንቺ ነው። አባቴ ማክሰኞ ከሉማሜ መጥተው ደጃችሁ ይቆማሉ። ተመለሱ ቢባሉም ግድ የለም፣ ቆመው ይመለሳሉ። ድረስ።»

መቅደላዊት አነበበችው፤ ደገመችው። ዝምታ ያለችው ሁሉ ሥራ ኖሯል። እሷ በሩን ስታይ እሱ እጇን ሲያይ ኖሯል። እንባዋ በጉንጯ ወርዶ ዋንዛው ላይ ጠብ አለ፤ በእጅጌዋ ጠረገችውና ሰሌዳውን መልሳ ገጠመችው። ከዚያ ማርሹን በቀኟ ያዘች፤ ግራዋን በስድስቱ ክዳኖች ላይ ዘረጋች። እያንዳንዱ ክዳን ጣቷ ባለበት ይጠብቃት ነበር። አውሮፕላኑ ተነሣ፣ ወጣ፣ አልወደቀም።

«እሷ ናት!» አቶ ይታያል ጭናቸውን መቱ። «ሕፃኗ እሷ ናት! እኔን ያሸነፈችኝ!»

«አባዬ» አለች መቅደላዊት ሳትዞር። «ለኢንጂነሩ ክብር አለኝ፤ ክፉ ሰው አይደለም። ልቤ ግን ቆርቆሮ ቤት ነው ያለው። እዚያ ከገባ ቆየ።»

አቶ ኃይለ ሚካኤል ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ወገኖቼ፣ ዛሬ ልጄን ሳልጠይቅ ልሰጣችሁ ነበር። አሁን የጠየቅኋት ያህል ሆነ። ለልጃችሁ የምሰጠው ልጅ የለኝም። ምሳ ግን አለኝ፤ እንዳትቀየሙኝ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች አቶ ይታያልን አዩ። አቶ ይታያል ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» አሉ። «እኛም አየን። ለልጁም ለአባቱም እንዳየነው እንናገራለን።» ደግሞ ወደ ማሽኑ አዩ። «ምሳው እስኪቀርብ ግን አንድ ዙር ላጣምር።»

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ አቶ ኃይለ ሚካኤል በማሽኑ ፊት ብዙ ቆሙ። ቀኛቸውን ማርሹ ላይ፣ ግራቸውን ክዳኖቹ ላይ አድርገው ሞከሩ። አውሮፕላናቸው ወደቀ።

«ከባድ ነው» አሉ። «አንቺ ይህን ያህል ዓመት እንዴት ቻልሽው?»

«ለምጄው ነበር፣ አባዬ።»

«ማክሰኞ ስንት ሰዓት ነው የሚመጡት፣ ቄሱ?»

«አልጻፈውም።»

«ቤቱ ከማለዳ ይሰናዳ። ደጅ የሚቆም ሰው አይኖርም።» ወደ እሷ ዞሩ። «ውኃውን የምታቀርቢላቸው አንቺ ነሽ።»

መቅደላዊት አየቻቸው። «በየትኛው እጅ?»

አባቷ ግራቸውን ከክዳኖቹ ላይ አነሡ። አገጫቸው ሲንቀጠቀጥ ያየችው በዕድሜዋ ያን ቀን ብቻ ነው።

«በሚቀናሽ።»

ሰኞ ጠዋት ፋርማሲው የገበያ ያህል ሞልቷል። ድረስ ከሰልፉ መጨረሻ ቆሟል፤ ፊቱ እንቅልፍ ያላየ ሰው ፊት ነው። የሆነውን ገና ማንም አልነገረውም። መድኃኒት የሚገዛ መስሎ በእጁ የተጨማደደ ወረቀት ይዟል፤ ያችው የእሷ ደብዳቤ ናት።

በሩ እየተንቋቋ ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። መቅደላዊት ቀና ስትል አየችው። መቁጠሪያው በግራ እጇ ነው። አንዲት እናት «ውይ፣ ግራኝ ናት እንዴ?» ሲሉ ሁሉም ሰማ።

መቅደላዊት አላዛወረችውም። ዓይኗን ከድረስ ሳትነቅል በግራዋ ቆጠረች፣ በግራዋ ጠቀለለች፣ በግራዋ ለሴትዮዋ ሰጠች። ድረስም ከሰልፉ መጨረሻ መልሱን አነበበና፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየው፣ እንደ ኅዳር ሚካኤል ማግስት ብቻውን ይስቅ ጀመር።